ካሴት አልጥልም ያሉት የአቶ ስማቸው ደምሴ ዜና ሕይወት

በዚህ በጥር ብርድ ከደሴም ከኮምቦልቻም ወንድማችንን ልትሸኙ የመጣችሁ ወገኖች ሁሉ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ይህን ጽሑፍ የማነብላችሁ የአቶ ስማቸው ታናሽ እህት ተናኘ ደምሴ ነኝ። ቤተሰቡ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ አሳስቦኝ ነበር፤ ነገር ግን ወንድሜ በሕይወት ሳሉ አንድም ነገር አሳጥረው ስለማያውቁ የእርሳቸውን ታሪክ በአንድ ገጽ መጨረስ አልተቻለኝም። በትዕግሥት አዳምጡኝ፤ እኔም እርሳቸውን ሃምሳ አምስት ዓመት ታግሻለሁ።

አቶ ስማቸው ከአባታቸው ከልብስ ሰፊው ከአቶ ደምሴ ወርቁና ከእናታቸው ከወ/ሮ አሰገደች ተሰማ በ1948 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሠፈር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ደሴ ተምረው ስምንተኛ ክፍል በደረሱበት ዓመት አባታችን ስንት ጊዜ ተመኝተው የገዙትን ሬዲዮ ማንም ሳያያቸው ብትንትኑን አወጡት። መልሰው ሲገጥሙት ሁለት ቡሎን ተረፈ፤ ሬዲዮው ግን ከቀድሞው ይልቅ ጥርት ብሎ ተናገረ። አባታችን ይምቷቸው ወይስ ያመስግኗቸው ግራ ገብቷቸው ሁለቱን ቡሎኖች በመዳፋቸው እንደያዙ ቆመው ቀሩ። እንዲህ ያለው ግራ መጋባት ከዚያ በኋላ ለቤተሰባችን ሁሉ የዕድሜ ልክ ዕጣ ሆነ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምረው በኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ተቀጠሩና አሥራ አንድ ዓመት አገለገሉ። በዚያው በደርግ ዘመን ወንጌልን ተቀብለው፣ የጸሎት ቤቶች ተዘግተው ምእመናን በየሰዉ ቤት በድብቅ በሚሰበሰቡበት ጊዜ፣ ስብከትና መዝሙር የተቀዳባቸውን ካሴቶች በካፖርታቸው ውስጠኛ ኪስ ይዘው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ይመላለሱ ነበር። ቢያዙ ምን እንደሚደርስባቸው እናታችን እየነገሯቸው ሲያለቅሱ፣ እርሳቸው የሚጨነቁት ላብ ካሴቱን እንዳያበላሽባቸው ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ከወ/ሮ ገበያነሽ ታደገ ጋር በአንድ ዘመድ ሳሎን ውስጥ በሃያ ሰው ፊት ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ቃል ኪዳኑ እየተነበበ ሳለ ሙሽራው እጃቸውን አንሥተው አገልጋዩን አስቆሙ፤ ሁላችንም ሐሳባቸውን የለወጡ መስሎን ደነገጥን። ነገሩ ግን የካሴቱ አንደኛው ገጽ አልቆ መገልበጥ ስለነበረበት ነው። ካሴቱን ገልብጠው፣ ቁልፉን ተጭነው፣ ወደ ሙሽራይቱ ጎን ተመለሱና «አሁን ይቻላል፤ ካቆሙበት ትንሽ ወደኋላ ብለው ይጀምሩልን» አሉ። ወ/ሮ ገበያነሽ በዚያች ደቂቃ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ባለመሄዳቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ያን ሁሉ የተደከመበትን ካሴትም በሁለተኛው ዓመት ቴፑ በላው። ከዚህ ጋብቻ ቃለሕይወትና ሩቲ ተወለዱ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ የጸሎት ቤቶች ሲከፈቱ፣ የመዘምራን ካሴትም በግልጽ በየሱቁ መሸጥ ሲጀምር፣ አቶ ስማቸው ማንንም ሳያማክሩ ከፋብሪካው ለቀው በቧንቧ ውሃ መንገድ ዳር ካሴት ቤት ከፈቱ። የጉባኤያችንን መዘምራን የመጀመሪያ ካሴት የቀዱት እርሳቸው ናቸው። እናንተ ያን ካሴት ስትሰሙ መንፈሳችሁ ይታደስ ይሆናል፤ እኔ ግን ከመዘምራኑ አንዷ ስለነበርኩ ጉሮሮዬን ያመኛል። ዳገቱን የሚወጣ የጭነት መኪና ማርሽ በቀየረ ቁጥር አስቁመው ከመጀመሪያው ያስጀምሩን ስለነበር፣ አንዱን መዝሙር አሥራ አራት ጊዜ ዘምረነዋል። በመጨረሻ እርሳቸው መርጠው ያወጡት ሦስተኛውን ነው።

በእነዚያ ዓመታት የደሴ ዙሪያ ልጆች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር መሄድ እየበዛ ሲመጣ፣ መጻፍ የማይችሉ ወላጆች ወደ ካሴት ቤቱ እየመጡ ድምፃቸውን ቀድተው በሰው እጅ ይልኩ፣ ልጆቻቸውም በካሴት ይመልሱላቸው ጀመር። ቤታቸው ቴፕ የሌላቸው የመጣላቸውን እዚያው ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ባለጉዳዩ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ አቶ ስማቸው አንድ ደንብ ነበራቸው፤ እያንዳንዱን ድምፅ በሁለት ካሴት ይቀዱና አንዱን ለመንገደኛ ሰጥተው፣ ሌላውን ለቤተሰቡ ነግረው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ ነበር። መንገድ ላይ ቢጠፋ ያው ሰው ተመልሶ ቢመጣም ያንኑ ቃል በዚያው ልብ አይናገረውም ይሉ ነበር። እኔ ግን ሱቁ በካሴት ተጨናንቆ ደንበኛ መቆሚያ ሲያጣ እያየሁ ይህን ደንብ ስንት ጊዜ እንደረገምኩት እግዚአብሔር ያውቃል።

በዚህ መንገድ ድምፃቸውን ካስቀዱት ሰዎች መካከል ወ/ሮ መዲና የሚባሉ የደሴ ዙሪያ ገበሬ ነበሩ። ብቸኛ ልጃቸው ፈትሂያ በ1991 ዓ.ም. ወደ ጅዳ ሄዳ ስለነበር በዓመቱ በገበያ ቀን መጥተው አንድ ካሴት ቀዱላት። በኋላ እንደሰማነው ካሴቱ ደርሷት ለዓመታት ስታዳምጠው ቆይታ፣ አሠሪዋ ዕቃዋን ከቤት አውጥተው በጣሉባት ጊዜ አብሮ ጠፋ። ወ/ሮ መዲና በ1997 ታመው ዐረፉ፤ ፈትሂያም ለእናቷ ቀብር መድረስ አልቻለችም።

ከዚያ ሲዲ መጣ፤ ከሲዲው ኋላ ፍላሽ፣ ከፍላሹ ኋላ የስልክ ሜሞሪ መጣ። የጎረቤት ካሴት ቤቶች ሁሉ ኮምፒውተር አስገብተው መዝሙርና ዘፈን በስልክ መጫን ጀመሩ። አቶ ስማቸው ግን ሰው የጣለውን ቴፕ ከደጅ አንሥተው፣ ሞተሩን አጽድተው፣ ላስቲኩን ቀይረው፣ ለባለቤቱ እቤቱ ድረስ ተሸክመው ይወስዱለት ነበር። ባለቤቱም እንዳያስቀይማቸው ይቀበላቸውና ዞር ሲሉ መልሶ ደጅ ያወጣዋል፤ እርሳቸውም በሚቀጥለው ሳምንት ያገኙትና ምን ሆኖ ነው ብለው እንደገና ይጠግኑታል። አንድ የሠፈራችን ሰው በመጨረሻ ሲቸግራቸው ያንኑ ቴፕ ይዘው ከተማ ቀይረዋል ቢባል አልተጋነነም።

ልጃቸው ቃለሕይወት የኮምፒውተር ሙያ ተምሮ ሲመረቅ፣ በአንድ ክረምት ካሴቱን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ላስገባልዎ ብሎ ለመናቸው። እናቱም ለመኑ፣ እኔም ለመንኩ፣ ሽማግሌም ተላከ። የመለሱለት መልስ ይህ ነው፦ «ካሴት ሲበላሽ ይበጠሳል፤ ሲበጠስ እኔ እቀጥለዋለሁ። የአንተ ነገር ሲበላሽ ምኑን ይዤ ልቀጥለው?» ክረምቱ እንዲሁ በክርክር አለፈ።

በ2001 ዓ.ም. ሱቁ ተዘጋና ያለው ሁሉ ወደ ቤት ገባ፤ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ካሴት፣ አሥራ ሰባት ቴፕ፣ ሁለት የሸክላ ማጫወቻና አራት ሰው የሚሸከመው አንድ የድሮ ሪል ቴፕ። የሩቲ መኝታ ቤት እስከ ጣሪያው ሞላ፤ ሩቲም እስክታገባ ድረስ ሳሎን ተኛች። ክረምት ሲገባ የካሴቱ ሽፋን ይሻግታል፣ በጋ ሲሆን አቧራው ይነሣል፤ ወ/ሮ ገበያነሽም አስም ያዛቸው። ሐኪም ከአቧራ ይራቁ ሲላቸው አቶ ስማቸው ቃሉን በጥሞና ሰምተው፣ ቤት ገብተው፣ በካሴቶቹ ላይ ነጠላ አለበሱ።

እንግዲህ የራሴን መናገር አለብኝ። በ2005 ዓ.ም. ሰኔ ወር አቶ ስማቸው በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሆድ ዕቃ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው አንድ ሳምንት ተኙ። እኔም ከኮምቦልቻ መጥቼ ከወ/ሮ ገበያነሽ ጋር ሳድር ሳላቸው አላስተኛን አለ። ጠዋት ተነሥቼ ሦስት ፌስታል ካሴት ከዚያ ቤት አወጣሁ። መዝሙርና ስብከቱን አልነካሁም፤ የመረጥኩት በእጅ ጽሑፍ የማላውቃቸው ሰዎች ስም የተጻፈባቸውን ነበር። አትክልትና እህል የሚያመጡልኝ አቶ ሙሄዲን እንድሪስ፣ ከኮምቦልቻ ዝቅ ብሎ የማሽላ ማሳ ያላቸው ገበሬ፣ ክሩን ማሳ ላይ ወጥረው ወፍ ለማባረር አሮጌ ካሴት ካለሽ ብለውኝ ስለነበር ሦስቱንም ፌስታል ለእርሳቸው ሰጠኋቸው።

አቶ ስማቸው ከሆስፒታል ሲመለሱ ባዶውን መደርደሪያ አዩና ባለቤታቸውን ጠየቁ፤ እርሳቸውም እውነቱን ነገሯቸው። እኔ ኮምቦልቻ ሆኜ ለጠቡ ተዘጋጀሁ፤ ስለ አስሙ፣ ስለ ሩቲ መኝታ ቤት፣ ካሴት ስለሰበሰቡበት ሃያ ሁለት ዓመት ሁሉ የምመልሰውን በቃሌ ይዤ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። በአራተኛው ቀን ደውለው የጠየቁኝ የኮምቦልቻ ሙቀት እንዴት እንደሆነ ብቻ ነበር። አንድ ቃል ቢቆጡኝ ኖሮ እኔም ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር። እርሳቸው ግን ይህን እንኳ አላደረጉልኝም።

በ2006 ዓ.ም. ሕዳር ላይ ብዙ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ ፈትሂያም ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ወደ አገሯ ገባች። የእናቷ ቤት ሌላ ሰው ገብቶበት አገኘችው፤ እናቷ ድምፃቸውን ቀድተውበት የነበረውን ካሴት ቤትም ስትፈልግ ሰው ወደ ወንድሜ ቤት መራት። በዚያ ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ። ደጃፉ ላይ ቆማ ሰላምታ ከሰጠች በኋላ እንዲህ አለች፦

«የእናቴን ፊት አልረሳሁትም ጋሼ። ድምጿ ነው የጠፋብኝ። ላስታውሰው ብዬ ስሞክር የራሴ ድምፅ ነው የሚመጣብኝ።»

አቶ ስማቸው ወደ እኔ አልተመለከቱም። አንድ ጊዜ ዘወር ቢሉ ኖሮ ራሴን የምደብቅበት አልነበረኝም። «ካሴቱ አለ» አሏት፤ «ትንሽ ጊዜ ብቻ ስጪኝ።» በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ኮምቦልቻ ወርደው ደጄን አንኳኩ።

ወደ አቶ ሙሄዲን ማሳ አብረን ሄድን። ማሽላው ፍሬውን ይዞ ሊደርስ ሳምንታት ቀርተውታል፤ የስልሳ ያህል ካሴት ክር ከካስማ ወደ ካስማ ተወጥሮ በነፋስ እየተንቀጠቀጠ ያፏጫል። የካሴቶቹ ሽፋን ስም እንደተጻፈበት ተጥሎ ስለነበር የቱ ክር የማን እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ አልነበረም። አቶ ሙሄዲን ነገሩን ሲሰሙ ከልባቸው አዘኑ፤ ነገር ግን «ወላሂ ጋሽ ስማቸው፣ አሁን ክሩን ካወረድኩት ወፉ አንድ ራስ ማሽላ አይተውልኝም። እስኪታጨድ ይታገሱኝ» አሏቸው።

አቶ ስማቸው በዚያ ፀሐይ አንድ ቀን በዋለ ቁጥር ከክሩ ላይ ድምፅ እየረገፈ መሆኑን አስረዱና ወፉን እኔ እጠብቅልዎታለሁ፣ አንቱ ክሩን ይፍቱልኝ አሉ። አቶ ሙሄዲን ሳቁ፤ ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባቸው ማማውን አሳዩዋቸው።

ወንድሜ ከሆስፒታል ከወጡ ገና አምስት ወራቸው ነበር። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ የጉባኤያችን የቀድሞ ሽማግሌ፣ ጎሕ ሳይቀድ ከቤቴ ወጥተው ማማ ላይ ቆመው ወንጭፍ እያጮሁ፣ ወፉ ፋታ ሲሰጣቸው ወርደው ክሩን በማሽላ አገዳ ላይ እየጠቀለሉ ሃያ ስድስት ቀን ዋሉ። ማታ ጉሮሯቸው ተዘግቶ፣ ፊታቸው በፀሐይ ተልጦ ይገቡና ያን አገዳ ሁሉ በሳሎኔ ግድግዳ ዙሪያ ያቆሙታል። እንግዳ ሲመጣ ምን ብዬ እንደማስረዳ ጠፍቶኝ በሬን መዝጋት ጀመርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ትዕግሥቴ አልቆ ምሳ ይዤ ማሳው ድረስ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይብቃዎት። ሰው ምን እያለ እንደሆነ ሰምተዋል?» አልኳቸው።

«ምን ይላል?»

«ተናኘ ወንድሟን ወፍ ጠባቂ አድርጋ ቀጠረቻቸው ይላል።»

«ወፉም እንደዚያው ሳይል አይቀርም» ብለው ከማማው ወረዱ። ለምን እንደማይቆጡኝ ጠየቅኋቸው። ካሴቱን ያወጣሁት እኔ፣ የሰጠሁት እኔ፣ ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ሆኜ ሳለ በአምስት ወር ውስጥ አንዲት ቃል እንዴት አይወጣቸውም አልኳቸው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ለገበያነሽ ሳል ብለሽ ነው ያወጣሽው» አሉኝ። «እኔ ነበርኩ ቀድሜ ማውጣት የነበረብኝ። በአንቺ ላይ ብቆጣ ያንን መርሳቴ ነው።»

በዚያች ሰዓት ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ ነበር። እርሳቸው ግን በመሐሉ ምሳውን ቀምሰው ጨው በዝቶበታል አሉኝ። ተናድጄ ሳህኑን ይዤ ተመለስኩ፤ ቃሉም ሳይነገር ቀረ።

ከገና በኋላ ክሩን ሁሉ ይዘው ደሴ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ግን የሩቲን መኝታ ቤት ባዶ እስኪሆን ድረስ አውጥተው፣ በጓሮ በቆርቆሮ ባሠሩት ክፍል ውስጥ አስገቡትና ሥራቸውን ሁሉ እዚያ አደረጉ፤ ወ/ሮ ገበያነሽም ከአምስት ዓመት በኋላ የቤታቸው መስኮት የት እንደነበረ አዩ። አቶ ስማቸው ክሩን በጥጥና በአልኮል እየጠረጉ፣ የተበጠሰውን በሩቲ ኩቴክስ እያጣበቁ፣ በባዶ ካሴት ውስጥ በእስክሪብቶ እያጠነጠኑ አንድ በአንድ ያዳምጡ ነበር። ለአምስት ወር ያህል ልጆቻቸውን የሚጠሩ የማይታወቁ እናቶችና አባቶች በዚያ ጓሮ ተናገሩ። ሩቲ አራት ጠርሙስ ኩቴክስ እንዳለቀባት እስከ ዛሬ ትናገራለች።

በግንቦት ወር የወ/ሮ መዲና ድምፅ ተገኘ። ግማሹ በፀሐይ ጠፍቶ የቀረው አራት ደቂቃ ብቻ ነበር። ፈትሂያ ተጠርታ መጥታ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እኔም ከበሩ አጠገብ ቆሜ ሰማሁ። ወ/ሮ መዲና ልጃቸውን በስሟ ጠርተው፣ አልሐምዱሊላህ ደህና መሆናቸውን፣ ላሟ ሴት ጥጃ መውለዷን ተናገሩ። ቀጥለውም «በላክሽው ቤቱን ቆርቆሮ አልብሰነዋል፤ ዝናብ ሲመታው እየጮኸ እንቅልፍ ነሳኝ። እንዳታዝኚ እንጂ ሣሩ ይሻለኝ ነበር» አሉ። ፈትሂያ እዚህ ላይ ሳቀች፤ ሳቋም ወደ ልቅሶ ሄደ። ከዚያ ወ/ሮ መዲና ንግግራቸውን አቋርጠው «ይሄ ነገር ይሰማል ወይ?» ብለው ጠየቁ። የአንድ ሰው ድምፅ ከኋላ «ይሰማል እናቴ፤ ይቀጥሉ» አላቸው። ክሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው።

ቃለሕይወት ያን አራት ደቂቃ በፈትሂያ ስልክ ሲቀዳላት አባቱ ድምፁ ይቀጥናል እያሉ ከአጠገቡ አልጠፉም፤ ግን አልከለከሉትም። ያገኟቸውን የሌሎቹንም ድምፆች ባለቤቶች እየፈለጉ በደሴ ዙሪያ መንደሮች ሲዞሩ ከረሙ። ከስልሳው ካሴት አሥራ ዘጠኙን ለየቤተሰቡ አድርሰዋል።

ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የኩላሊት ሕመም ያዛቸው። በሕክምና ሲረዱ ቢቆዩም ቀጠሯቸውን ክር እያደረቅሁ ነው በሚል ሰበብ ማሳለፋቸውን አልተዉም። በስልክ ልንቀዳቸው ስንሞክርም ድምፄን አታቅጥኑት ብለው ዝም ይሉብን ስለነበር፣ የሰውን ሁሉ ድምፅ ያስቀመጡ ሰው የራሳቸውን ሳያስቀሩልን ጥር 18 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ተሰበሰቡ። ትናንት በለቅሶው ቤት ፈትሂያ ስልኳን ከፍታ፣ ከእናቷ ድምፅ መጨረሻ ላይ ለቃለሕይወትና ለሩቲ ያሰማቻቸው ሦስት ቃል ብቻ ነው ከእርሳቸው የተረፈን። ልጆቻቸውም ደጋግመው ሰሙት።

አቶ ስማቸው ባለቤታቸውን ወ/ሮ ገበያነሽ ታደገን፣ ልጆቻቸውን ቃለሕይወትንና ሩቲን፣ የልጅ ልጃቸውን አቢጌልን፣ እህታቸውን ተናኘን፣ እንዲሁም የትኛው እንደሚሠራ እርሳቸው ብቻ የሚያውቋቸውን አሥራ ሰባት ቴፖች ትተውልን ሄደዋል። ዛሬ ከመካከላችን ያሉት አቶ ሙሄዲንና ፈትሂያም ከቤተሰቡ ጋር የሚጻፉ ናቸው።

ጋሼ፣ ማሳው ላይ ሳልነግርዎ የቀረውን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እናገራለሁ። የማላውቀው ሰው ድምፅ ምን ያደርጋል ብዬ ነው የጣልኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጌታ ነፍስዎን በዕረፍቱ ይቀበል፤ ለገበያነሽና ለልጆችዎ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።